ከእቴነሽ በላይ ማን አለ?

አንዳንዱ ሰው ድምፁ ያምራል፣ አንዳንዱ እጁ ይጣፍጣል፤ የዓይናለም ደምሴ ተሰጥኦ ንቀት ነበር። ቅንድቧን አንዴ ከፍ ካደረገች የማኔጅመንት ክፍል አንጋፋ መምህራን ሳይቀሩ የከረባታቸውን ቋጠሮ ይነካካሉ። ዕድሜዋ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ መልኳ ያማረ፣ ትምህርቷ የሞላ፣ አባቷ በደብረ ታቦር ሁለት ወፍጮ ቤትና አንድ ባለ ፎቅ ያላቸው። እንዲህ ያለች ሴት ብትንቅም ያምርባታል ይሉ ነበር የሚፈሯት። የማይፈራት ደግሞ አልነበረም።

ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሚናቅ አላጣችም። የኮሌጁ የሶፍትዌር መራጭ ኮሚቴ ለአምስተኛ ጊዜ ተሰብስቧል። ጉዳዩ ቀላል ነበር። የንግድ ሥራ ሂደት የሚባለውን ትምህርት፣ ማለትም አንድ ሥራ ከማን ተነስቶ በማን እጅ አልፎ የት እንደሚደርስ፣ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በሥዕል የሚያስረዱበት የሐሳብ ካርታ ሶፍትዌር መምረጥ ነው። መሃል ላይ ዋናው ሐሳብ ይጻፋል፤ ከእሱ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ከቅርንጫፎቹ ደግሞ ሌሎች ቅርንጫፎች። ልጅ የሚገባው ነገር ነው። ኮሚቴው ግን አምስት ሰው ነበረ፤ አምስት ሰው ከተሰበሰበ ልጅ የሚገባው ነገር ሁሉ ይከብዳል።

ሰብሳቢው ዶክተር ዳኛቸው "በሠለጠነው ዓለም" ሳይሉ አረፍተ ነገር አይጨርሱም። የወደዱት ሶፍትዌር ቀለሙ የሚንቦገቦግ፣ ቅርንጫፉ ሲነኩት እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ነው። ጉድለቱ ሁለት ብቻ ነበር፤ ያለ ኢንተርኔት አይነቃነቅም፣ አማርኛ ሲጻፍበት ደግሞ ፊደሉን ሁሉ ባዶ ሣጥን ያደርገዋል። ደብረ ታቦር ላይ ሰማዩ ገና ሲያጉረመርም ኔትወርኩ ቀድሞ እንደሚጠፋ ዶክተሩ አጥተውት አይደለም። ግን አንዴ ወደውታል፣ ዶክተር የወደደውን ደግሞ ዝናብ አያስጥለውም።

"ይሄ ካርታ ከተባለ የጂኦግራፊ ክፍል ለምን አይመርጠውም?" ሲል ጠየቀ መምህር ይሻው። መምህር ይሻው ዕድሜውን ሙሉ መጨረሻ ላይ የተናገረውን ሰው ሲደግፍ የኖረ ነው፤ ራሱ ቀድሞ ከተናገረ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣዋል። ከግዥ ክፍል የመጣው አቶ ፋሲል ደግሞ "መመሪያው ምን ይላል?" አለ። ሁልጊዜ ይህንኑ ነው የሚለው፤ መመሪያውን አንብቦት ግን አያውቅም። ዓይናለም ሁሉንም በየተራ አየቻቸው፤ ከዚያ መስኮቱን አየች፤ መስኮቱ ይሻላል።

አምስተኛው የኮሚቴ አባል ተስፋነህ ጌጡ ነው፣ የኮምፒውተር ላቦራቶሪው ኃላፊ። ከይፋግ አካባቢ የመጣ የገበሬ ልጅ፣ ክርኑ የተጣፈ ሹራብ የሚለብስ፣ ሲናገር የማይቸኩል። እሱ ያቀረበው ሶፍትዌር ሲያዩት ያስጠላል፤ ግራጫ ነው፣ አያብለጨልጭም። ነገር ግን በነፃ የሚገኝ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አማርኛውን እንደ አማርኛ ይጽፋል፣ ሲጨርሱም ሥዕሉን ወደ ተማሪው ስልክ ይልካል።

"ምሳሌ የወሰድሁት የቢራ ገብስ ነው" አለ ተስፋነህ። "ከአውድማ ተነስቶ፣ በማኅበሩ መጋዘን አልፎ፣ ብቅል ፋብሪካ እስኪደርስ። ተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ገብስ ያውቃሉ። የሚያውቁትን ካሳየናቸው ሂደት ማለት ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። ሌላም ጥቅም አለው፤ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሥር ማስታወሻ መደበቅ ይቻላል..."

እያስረዳ ቀጠለ። ዓይናለም ግን የምትሰማው ድምፁን እንጂ ቃሉን አልነበረም። ይህም ምስጢሯ ነው። አምስት ወር ሙሉ ሞክራ ልትንቀው ያቃታት ሰው ተስፋነህ ብቻ ነበር። ቅንድቧን ስታነሳበት ፈገግ ይላል፤ ስትኮሳተር "ራበሽ እንዴ?" ይላታል። ኮሌጅ ውስጥ በአደባባይ "መምህርት" እና "አቶ" ይባባላሉ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ "ዓይኔ" ነው የሚላት። በጥር ጣራ ገዳምን ተሳልመው በጫካው ሲወርዱ እጇን ይዞ "ሽማግሌ ልላክ" ብሏት ነበር።

"ቆይ" አለችው።

"ምን ልቆይ?"

"ቆይ ብቻ።"

ለምን እንዲቆይ እንደፈለገች አልነገረችውም። በዚህ አገር ሽማግሌ ከመጣ ቤት ይቆጠራል። የወንዱም የሴቷም ዘር እየተጠራ እስከ ሰባት ቤት ይወጣል፤ እስከዚያ ድረስ የተገናኙ ወንድምና እህት ናቸው፣ አይጋቡም። ቤት ሲቆጠር ደግሞ የተቀበረ ስም ይነሳል። ዓይናለም አራተኛ ክፍል ሳለች አንዲት ልጅ ከተማሪው ሁሉ ፊት "የሸክላ ሠሪ ዘር! ቡዳ ናት፣ እንዳታያችሁ" ብላ ጮኸችባት፤ ማንም አጠገቧ አልቀመጥ አለ። አባቷ አቶ ደምሴ በሳምንቱ ትምህርት ቤት ቀየሩላት፤ "ስለዚህ ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺ" አሏት። አላነሳችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰው ሳይንቃት በፊት ቀድማ መናቅ ተማረች፤ ጎበዝ ተማሪ ስለነበረችም በደንብ ገባት።

ስብሰባው ሲበተን የሁለቱን ሶፍትዌሮች ንጽጽር አዘጋጅታ በማግሥቱ እንድታቀርብ ለእሷ ተሰጠ። ተስፋነህ ፍላሽ አቀበላት። ጣቱ መዳፏ ላይ ከሚገባው በላይ ቆየ።

"ሁሉንም እዪው፣ መምህርት" አላት። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት የሚመስል ነገር ነበር። እሷ ስለ ገብሱ የተጨነቀ መሰላት፤ ደስም አላት፤ ሊያስደስታት የሚጨነቅ ሰው ማየት ጣፋጭ ነው።

ቢሮዋ ገብታ ፍላሹን ከፈተች። ሁለት ፋይል አለበት። አንዱ "ገብስ" ይላል። አየችው፤ ጥሩ ነው፤ ከዶክተሩ ጃንጥላ መቶ ጊዜ ይሻላል። ነገ ይህን ደግፋ እንደምትናገር ልቧ ቆረጠ። ሁለተኛው ፋይል "ቤት ቆጠራ" ይላል።

ከፈተችው። መሃል ላይ ሁለት ስም ጎን ለጎን ተጽፏል፤ በግራ ተስፋነህ፣ በቀኝ ዓይናለም። ከእሱ ስም የወጣው ቅርንጫፍ አባቱን ጌጡን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ስምንት ስም ድረስ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ ሁሉም በአረንጓዴ። ከእሷ ስም የወጣው ደምሴን አለፈ፣ የአባቷን እናት ወርቅነሽን አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ። "እቴነሽ። ሸክላ ሠሪ። ይፋግ ገበያ።" በቀይ ነው የተጻፈው። ከእቴነሽ በላይ ባዶ መስመር ብቻ ነበር፤ በመስመሩ ጫፍ የጥያቄ ምልክት።

ዓይናለም ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። አባቷ ሃያ ዓመት የቀበሯትን ሴት ይህ ሰው ቆፍሮ አውጥቶ በቀይ ቀለም ሰቅሏታል። የራሱ ዘር አረንጓዴ፣ የእሷ ቀይ! "ሁሉንም እዪው" ያላት ለዚህ ነው? አራተኛ ክፍል ያለው አግዳሚ ወንበር ትዝ አላት፤ ሁሉም ተነስቶ እሷ ብቻዋን የቀረችበት። አፈረች፤ እስከ አጥንቷ አፈረች። እፍረቱ ብዙ አልቆየም፤ በለመደችው መንገድ ሄዶ ንቀት ሆነ።

"የገበሬ ልጅ" አለች ለራሷ። "የገበሬ ልጅ እኔን ሊመርጥ!"

ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው ሲሰበሰብ ዓይናለም ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ወደ ኋላ አስራ መጣች። ተስፋነህ ገና ከበሩ ጀምሮ ዓይኗን ፈለገ። አልሰጠችውም።

"ንጽጽሩ አጭር ነው" ብላ ጀመረች። "አንደኛው ሶፍትዌር የሠለጠነ ሰው የሠራው ለሠለጠነ ሰው ነው።" ዶክተር ዳኛቸው ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ። "ሁለተኛውን ግን ማየት አያስፈልግም፤ ያቀረበውን ሰው ማየት ይበቃል። ተማሪዎቻችን ከገብስ እንዲወጡ ነው ኮሌጅ የገቡት። ከአውድማ የመጣ ሰው ግን ኮምፒውተሩንም በበሬ ካላስኬድሁ ይላል።"

መጀመሪያ የሳቁት ዶክተሩ ናቸው። አቶ ፋሲል ተከተለ። መምህር ይሻው ማን እንደሳቀ ካረጋገጠ በኋላ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ዓይናለም አልሳቀችም፤ ቀና ብላ ተስፋነህን አየችው። ፊቱ አልተቆጣም። የቤቱን በር ተከፍቶ፣ ቤቱንም ባዶ ሆኖ እንዳገኘ ሰው ነበር የሚያያት።

ድምፅ ተሰጠ፤ አራት ለአንድ። ዶክተሩ "በሠለጠነው ዓለም ውሳኔ እንዲህ በፍጥነት ነው የሚሰጠው" አሉ፤ ስድስት ስብሰባ መፍጀታቸውን ረስተውታል። ተስፋነህ ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሳ።

"አመሰግናለሁ፣ መምህርት" አለና ወጣ።

ዓይናለም ተከትላው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት፤ ፍላሹን ዘረጋችለት።

"ውሰድ! አጥንቴን ቆጥረህ ጨርሰህ ከሆነ ውሰደው። በቀይ የጻፍሃትን ሴትዮ ለአባትህ አሳያቸው። ሸክላ ሠሪ አገኘሁ፣ አመለጥሁ በላቸው!"

ተስፋነህ እጁን አልዘረጋም። "አይተሽዋል ማለት ነው።"

"አይቼዋለሁ!"

"ማስታወሻውንስ?"

"የምን ማስታወሻ?"

ፍላሹን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ሊስቅ የፈለገ መሰለ፤ ግን ሳቁ አልመጣለትም።

"ትናንት በቅርንጫፉ ሥር ማስታወሻ ይቀመጣል ብዬ ስለፈልፍ ነበር፣ ዓይናለም። ሩብ ሰዓት ነው የለፈለፍሁት። ለካ አንድም ቃል አልሰማሽም።" "ዓይኔ" አላላትም። "ገባኝ። ከአውድማ የመጣ ሰው ሲናገር ማን ይሰማዋል? ፍላሹ አንቺው ጋር ይቅር።"

ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ከኋላ ሆና የተጣፈውን የሹራቡን ክርን አየች። ልጥራው አለች፤ አፏ ግን ለመጥራት አልተፈጠረም፣ ለመስደብ እንጂ። ቢሮዋን ከውስጥ ቆለፈችና ቀዩን ቅርንጫፍ ነካችው። ቢጫ ወረቀት የሚመስል ነገር ተከፈተ።

"ዓይኔ፣

በአፌ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ሞከርሁ፤ ስለፈራሁ ጻፍሁት። ቆይ ያልሽኝ ለምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። እናንተ ቤት የማይነሳውን ስም አባቴ ነገረኝ። በልጅነቱ ይፋግ ገበያ ጋን ስትሸጥ አይቷታል። የእቴነሽ ጋን ቢወድቅም አይሰበርም ይባል ነበር አሉ።

ቀይ ያደረግኋት ስላፈርሁባት እንዳይመስልሽ። ከእሷ በላይ ያለውን ስላላወቅሁ ነው። አባቴ 'ይቺ ሴት ከኛ ወገን ትሆናለች' ይላል። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ከተገናኘን አንቺ እህቴ ነሽ፣ አበቃ። እንቅልፍ የነሳኝ ሸክላ ሠሪነቷ መስሎሽ እንዳትቀየሚኝ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ዘመዴ ትሆናለች ብዬ ነው።

አባቴ ከእሷ በላይ ያሉትን ስሞች ዘር ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቆ ቅዳሜ ይመጣል። ስምንት ከሞላ፣ አንቺም እሺ ካልሽ፣ እሑድ ሽማግሌ እናንተ ቤት ይገባል። ካልሞላ ግን ይህን ፋይል አጥፊውና በኮሪደር ስናልፍ ሰላም በይኝ። ከዚያ የበለጠ አልችልም።

ተስፋነህ።"

ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ፊደሉ አልታይ አላት። ሰውን ሁሉ አውቃለሁ ባይዋ ዓይናለም አንድ ሰው ልቡን በፋይል አድርጎ ቢያቀብላት ቀለሙን ብቻ አይታ ፈረደች! ዶክተሩ በምን ተለዩ? እሳቸውም ቀለም አይተው ነው የመረጡት። እንደ ዳኛቸው ሆንሁ ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ከስድብ ሁሉ ይኼ ከበዳት። ደወለችለት፤ አላነሳም። ደግማ ደወለች፤ ስልኩን ዘግቶታል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዓይናለም መናኸሪያ ነበረች። መናኸሪያ የምትጠላው ቦታ ነው፤ ጭቃው፣ ጩኸቱ፣ የሚጋፋው ሰው። የሰባት ዓመት አስተማሪ ሆና ረዳት "አንቺ ቆንጆ፣ ባሕር ዳር ነሽ?" እያለ ሲጎትታት ዝም አለችው። ለአንድ ሰዓት ያህል ከቆመች በኋላ ከይፋግ በኩል የመጣው ሚኒባስ ገባ። ተስፋነህ ከወዲያ በኩል መጣና ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ እጅ ይዞ አወረደ። ጉልበታቸውን ስሞ ገና ቀና ከማለቱ ሲናገር ሰማችው።

"አባ፣ በከንቱ ደከምህ። ነገሩ ቀርቷል። ምሳ እንብላና እመልስሃለሁ።"

"ምን ማለትህ ነው ቀርቷል? ሦስት ደብር ዞሬ ነው ስም የለቀምሁት!"

"ቀርቷል አልሁህ፣ አባ።"

ዓይናለም ወደ እነሱ ልትራመድ ብላ ቆመች። በምን አፏ? "ይቅርታ" የሚለው ቃል ለትንሽ ነገር ነው፤ እግር ለረገጠ፣ ስብሰባ ላረፈደ። መንገዱ ዳር ለኮብልስቶን የተከመረ ድንጋይ ነበር። አያቷ ወርቅነሽ አገር ቤት ሰው የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚታረቅ ስትል ሰምታ ታውቃለች፤ ይህንም እንደ ብዙ ነገር ንቃው ነበር። ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች። ያሰበችውን ያህል ቀላል አልነበረም። በሁለት እጇ አንስታ በነጭ ሸሚዟ ላይ ጫንቃዋ ላይ አደረገችው፤ ከአንገቷ አጎንብሳ ሄደችና እፊታቸው ቆመች።

ሰው ከበባቸው። ረዳቱ ሳይቀር ጥሪውን ትቶ መጣ። በአጎነበሰችበት በጎን ስታይ መምህር ይሻው ጎመን ታቅፎ ቆሟል፤ ሰኞ ኮሌጁ ሁሉ ይሰማል። ይስማ።

"ይህች ማን ናት?" አሉ አቶ ጌጡ።

"ተዋት፣ አባ። እንሂድ።"

"ድንጋይ የተሸከመ ሰው ታልፎ አይኬድም!" ሲሉ ልጃቸውን ገሠጹት። ወደ እሷ ዞሩ። "ማንን በድለሽ ነው፣ ልጄ?"

"ልጅዎን ነው። አንቱንም ጭምር።"

"ምን አድርገሽ?"

መናገር ነበረባት፤ በደል ሳይነገር ድንጋይ አይወርድም። "በሰው ፊት አዋረድሁት። ከአውድማ የመጣ ሰው ኮምፒውተሩንም በበሬ ካላስኬድሁ ይላል አልሁ።"

አቶ ጌጡ ነገሩን በጥሞና አሰቡበት። "በበሬ?" አሉ። "በበሬስ ባልከፋ። በሬ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ እርሻ መሃል አይቆምም።"

የከበበው ሰው ሳቀ። ዓይናለም ግን ከድንጋዩ ሥር መሳቅም ማልቀስም አልቻለችም።

"ልጄ ክፉ ሰው ነው?"

"አይደለም። ከሚያውቁኝ ሁሉ ደጉ እሱ ነው።"

"ታዲያ ምን አግኝተሽ ናቅሽው?"

"እንዳይንቀኝ ብዬ ነው" አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። "እኔ የሸክላ ሠሪ ዘር ነኝ። የአባቴ አያት እቴነሽ ትባላለች፣ ይፋግ ገበያ ጋን ትሸጥ ነበር። ይህን ሰው እንዳይሰማ ስል ሰው ሁሉ ላይ ጮህሁ። ሰው ቀድሜ ከናቅሁ የሚደርስብኝ የለም ብዬ ነበር። እሱ ግን ሲደርስብኝ ወደደኝ። ፈራሁና ነከስሁት።"

ከከበበው ሰው መሃል አንዲት ሽንኩርት ሻጭ "እሰይ ልጄ" አለች። አቶ ጌጡ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አነሱና መሬት አኖሩት።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ። "የኔን አወረድሁልሽ። የእሱን ግን እሱ ያውቃል።"

ዓይናለም ቀና አለች። ተስፋነህ እያያት ነበር።

"አራት ሰው ሳቀብኝ፣ ዓይናለም።"

"አውቃለሁ።"

"ሳቃቸው አይደለም ያመመኝ። አንቺ ሳትስቂ ነው የተናገርሽው።"

"አውቃለሁ። ሰኞ እዚያው ክፍል፣ እነዚያው ሰዎች ፊት ቃሌን እመልሳለሁ። አንተ እዚያ ባትኖርም እመልሳለሁ።" ወደ አባቱ ዞረች። "አሁን ይቁጠሩልኝ። ስንት እንደሚሆን ሳላውቅ ነው የመጣሁት። እህቱም ብሆን ይቅርታው ይገባዋል።"

"አባ፣ አሁን መቁጠሩ ምን ያደርጋል?" አለ ተስፋነህ፤ ግን አልሄደም።

አቶ ጌጡ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና ጣታቸውን እያጠፉ ጀመሩ። "አባትሽ ደምሴ፣ አንድ። እናቱ ወርቅነሽ፣ ሁለት። እናቷ እቴነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሦስት። የእቴነሽ አባት ካሳው፣ አራት። የካሳው አባት ዘውዱ፣ አምስት።" እጃቸው አለቀ፤ ግራውን አወጡ። ዓይናለም በልቧ አብራ ቆጠረች። በእያንዳንዱ ስም አንድ ደረጃ ወደ እሱ የምትወጣም ከእሱ የምትወርድም መሰላት። "የዘውዱ አባት ሙላቴ፣ ስድስት። የሙላቴ እናት ትእዛዝ፣ ሰባት።"

ሳል ያዛቸው። ጎንበስ ብለው ሳሉ፤ እንደገና ሳሉ። ተስፋነህ ጀርባቸውን መምታት ሲገባው እጁ በአየር ላይ ቀረ። ሰባት ላይ ቢቆሙስ? ትእዛዝ በእናቱ በኩል የእሱም ቅድመ አያት ብትሆንስ? ዓይናለም ትናንት አራት ለአንድ ያሸነፈችው ድምፅ ሁሉ ተመልሶ አንዲት ጣት ላይ የተሰቀለ መሰላት።

"የትእዛዝ አባት ቢተው" አሉ አቶ ጌጡ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ስምንት። እኛ የምንወርደው ከቢተው ከሌላው ልጁ ነው። ቢተው በኛም በኩል ስምንተኛ ነው። ለመተዛዘን ሥጋ ናችሁ፣ ለመጋባት ባዕድ ናችሁ። ደግ ነው።"

ዓይናለም ተስፋነህን ለማየት ፈራች። የዘሩ ቁጥር ፈቅዷል፤ የእሱን ልብ ግን በጣት የሚቆጥርላት ሽማግሌ አልነበረም። ምንም ሳይናገር ጎንበስ ብሎ የአባቱን ዘንቢል አነሳ። አበቃ አለች በልቧ።

"ግቢያችሁ ውስጥ ውሻ አለ አይደል?" አላት ዘንቢሉን ትከሻው ላይ እያስተካከለ።

"አለ" አለች፤ ነገሩ አልገባትም።

"ክፉ ነው?"

"እንደኔ ነው።"

የዓይኑ ጠርዝ ላይ ያ የምታውቀው ፈገግታ መጣ፤ ሊደብቀው ሞከረ፣ አቃተው። "እንግዲያው ነገ ጠዋት ይታሰር፣ ዓይኔ። የምልካቸው ሽማግሎች እግራቸው ሮጦ አያስመልጣቸውም።"

ዓይናለም ራሷን አየች። ሸሚዟ ጫንቃው ላይ ጭቃ ሆኗል፣ እጇ በድንጋይ አፈር ቆሽሿል፤ በዚያው እጇ ፊቷን ስትጠርግ ፊቷም ቆሸሸ። "እኔው ራሴ አስረዋለሁ" አለችና መናኸሪያው መሃል፣ መምህር ይሻው ከነጎመኑ እያያት፣ ደስ ብሏት አለቀሰች።